የጫቱን አውሮፕላን ፍለጋ

ጥር 12፣ ማክሰኞ። ሂርና

ጭነት ሄደ። እጄ ኮባ ኮባ ይሸታል። የዛሬው ጫት ቀይ ቀንበጥ ነው፣ ለጋ። ገዢው ግን እንደ ልማዱ አፍንጫውን ነፋ። እኔም ነፋሁበት። ወሰደ።

ስሚ ደብተሬ፣ ዛሬ ተናድጃለሁ። ፉአድ ከጭሮ ደወለ። ልጄ ነው፣ ያለኝ እሱ ብቻ፤ ሆስፒታል የጤና መኮንን። መደቤን ሰው ሊያስይዝብኝ ነው። የሚስቱ የሰሚራ አጎት ጫት ተራ ቦታ ይፈልጋል አሉ፤ የእኔን ይረከባል። እኔ ደግሞ ጭሮ እነሱ ቤት እገባለሁ። ክፍሉ ቀለም ተቀብቷል፣ መጋረጃ ሁሉ ተሰቅሏል። ረመዳን ሳይገባ እንጨርስ ይላል። እሑድ ወንድሜ አህመድ ከበደሳ ይመጣል፣ ተቀምጠን እንነጋገራለን። እንነጋገራለን ማለት እነሱ ይናገራሉ፣ እኔ አንገቴን እነቀንቃለሁ ማለት ነው።

ምክንያቱ ስኳሬ ነው። ባለፈው ክረምት ወርዶብኝ ጫት ተራ መሐል ዘጭ ብዬ ወደቅኩ። ሰው ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። ከዚያ ወዲህ በፉአድ ዓይን የተሰነጠቀ ብርጭቆ ሆኛለሁ። ልጄ አይወደኝም አልልም፤ ይወደኛል። ግን አቦ፣ አባቱ ከሞተ በኋላ ያሳደግኩት በዚያ መደብ ነው እኮ። ጭሮ ገብቼ ምን ልሥራ? መጋረጃ ልቁጠር?

እሺም እምቢም አላልኩም። እሑድ እመልስልሃለሁ፣ ከዚያ በፊት ግን ድሬዳዋ ጉዳይ አለኝ አልኩት። ምን ጉዳይ አለ። አውሮፕላን ማየት አልኩት።  ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ። አልተቋረጠም።

ጥር 13፣ ረቡዕ። ሂርና

ጥሩወርቅ እያነከሰች መጣች። ጎረቤቴ ናት፤ በአስተማሪነት ከጎጃም ተመድባ መጥታ፣ ጡረታ ወጥታም እዚሁ የቀረች። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ሀ ሁ ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። ስለዚህ ደብተሬ፣ አንቺም የሷ ጥፋት ነሽ። ከትናንት በስቲያ ጥምቀት ላይ ስትጨፍር ጉልበቷን ይዟታል። በዚህ ዕድሜሽ ምን ያስጨፍርሻል አልኳት። አንቺስ በዚህ ዕድሜሽ ምን አውሮፕላን ያሳይሻል አለችኝ። ተያየንና ሳቅን።

ነገርኳት። እናቴ ሐሊማ ጫት የምታስረው ለጫት አውሮፕላን ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ የሂርና ጫት በመኪና እየከነፈ ድ/ዳ ይወርድና፣ ከዚያ በአውሮፕላን ባሕር ይሻገር ነበር፤ ኤደን፣ የመን አገር። እናቴ እጇ ሲያስር አፏ ዝም አይልም። ያን አውሮፕላን የሚያስነሳው ቤንዚን እንዳይመስልሽ፣ የእኔ እስር ነው ትላለች። አንድ ቀን ወስጄ አሳይሻለሁ ትላለች። ሳታሳየኝ፣ ራሷም ሳታየው ሞተች። ጫቷ ባሕር ተሻገረ፣ እሷ የደንገጎን ቁልቁለት እንኳ አልወረደችም። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። እኔም ጭሮ ገብቼ ከተቀመጥኩ እንደሷ ሳላይ ልቀር ነው።

ላም አለኝ በሰማይ ብላ ቀለደችብኝ ጥ/ወርቅ። ሰማዩን ስሄድ አየዋለሁ አልኳት። ከዚያ አብሬሽ ልሂድ አለች። እምቢ አልኩ። አብራኝ ከሄደች ፉአድ እሷ ደግፋት ነው ይላል። አኮረፈች። ማታ ግን የራሷን ደህናውን ሰንደል ይዛ መጣች፤ በድሬ ሙቀት ሽፍን ጫማ አይሆንሽም ብላ። ይሰፋኛል። ተቀበልኳት።

ፉአድ ድጋሚ ደወለ። ሌሊቱን እንዳልተኛ ድምፁ ያስታውቃል። ብቻሽን ሄደሽ አንድ ነገር ከሆንሽ የእሑዱ ንግግር አለቀ፣ መደቡ ይሰጣል አለኝ። ሰማሁት። እሺ ግን አላልኩም። ልብ አድርጊ ደብተሬ፣ እሺ አላልኩም።

ጥር 14፣ ሐሙስ ማታ። ድ/ዳ፣ ፔንሲዮን

መጣሁ! ጭነቴን ሸኝቼ፣ ምሳዬን በልቼ በሚኒባስ። ቁልቢን አልፈን ደንገጎ ላይ ጆሮዬ ተደፈነ። ሾፌሩ ቁልቁለቱን ሲለቀው እኔ ፋቲሐ እቀራለሁ፣ እሱ ዘፈን ይቀይራል። ታች ስንደርስ ሙቀቱ ፊቴን ገረፈኝ።

በቀጥታ አውሮፕላን ማረፊያ። ባጃጁ በር ላይ አወረደኝ። ሰው ደጅ ባዶ እጅ አይኬድምና ከሂርና አንድ እስር ይዤ ነበር፤ በኮባ የጠቀለልኩት፣ መንገድ ላይ ውሃ ያርከፈከፍኩበት፣ የምርጥ ምርጥ። ለዘበኛው ዘረጋሁለት። ልጁ የእኛ አገር ሰው አይደለም። ጌታነህ ይባላል፣ የጎንደር ልጅ፣ ድሬ ገና አዲስ ነው። እጁን ወደ ኋላው ሰበሰበ። እናቴ፣ ይሄ ጉቦ ነው አለኝ። ጉቦ! ለጉቦ ቢሆን ውሎ ያደረውን ነበር የማመጣልህ አልኩት። አሁን ሳስበው ይሄን ማለት አልነበረብኝም።

የድሮው የጫት አውሮፕላን የሚጫንበትን ቦታ ማየት ነው የምፈልገው፣ አይቼ እመለሳለሁ አልኩ። የጫት አውሮፕላን የሚባል ሰምቶ አያውቅም። ትዕዛዙ አንድ ነው፤ ቲኬት የሌለው ከዚህ አያልፍም። ለመንኩት። ተቆጣሁት። እሱ እቴ! በትሕትና ወንበር አቀረበልኝ፣ ማስገባት ግን የለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

በንዴት እስሩን ለባጃጅ ነጂው ሰጠሁት። የበርጫ፣ የጫት መቃሚያ ሰዓት ስለነበር ዓይኑ በራ። ስለ አውሮፕላን ነው የምትፈልጊው? ድሬ ላይ እኔ የማላውቀው ታሪካዊ ቦታ የለም አለ። ከዚራ የሚባለውን ሰፈር አዞረኝ። ዛፎቹ ያምራሉ፣ ጥላው ደስ ይላል፣ አውሮፕላን ግን የለበትም። ከዚያ አንድ ጋራዥ ግቢ አስገባኝና ጥግ የተጣለ፣ ክንፍ ክንፍ ያለው ዝገት አሳየኝ። የጫቱ አውሮፕላን ፕሮፔለር ይሄ ነው አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መቃብር እንደሚያሳይ ሰው። ልቤ ዘለለ። ተጠግቼ ዳበስኩት። ወንድሜ አህመድ በደሳ ላይ ወፍጮ ነበረው፤ የወፍጮ ሞተር ማራገቢያ ሳየው አውቀዋለሁ። ይሄ አውሮፕላን ሳይሆን በርበሬ ነው ያስፈጨው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት፤ እኔን አይደለም። ጫቴን መልስ አልኩት። ጉንጩ ሞልቶ ነበር። ሳቄ መጣ፣ ምን ላድርግ?

ልጁም አፈረ። እንደ ካሳ አድርጎ አንድ እውነት ነገረኝ፦ በማረፊያው አጥር ጥግ ሰው ቆሞ አውሮፕላን ሲያርፍ ሲነሳ የሚያይበት ቦታ አለ። ነገ ጠዋት እወስድሻለሁ አለ።

ጥር 15፣ ዓርብ። ከሰዓት፣ አልጋ ላይ

መጻፍ አለብኝ። ዛሬ ካልጻፍኩት ነገ ለራሴም እዋሻለሁ።

ጠዋት የስኳር ኪኒኔን ዋጥኩ፣ ቁርስ አልበላሁም። ጥ/ወርቅ ብትሰማ ታርደኛለች። ግን የእኛ ሙያ እንዲህ ነው፤ ጭነት ሳይሄድ አፍ አይከፈትም። እናቴ እንደዚያ ነበረች፣ እኔም እንደዚያ ነኝ፣ ጫት ተራ ያለች ሴት ሁሉ እንደዚያ ናት። ቀድማ የበላች ሴት ጫቷ መንገድ ላይ ይጠወልጋል ይባላል። አምስት ልጅ የወለደች፣ ሐጅ የሄደች ሴትዮ እንኳ ይሄን ታምናለች። እዚህ ጭነት የለኝም፣ አውቃለሁ። ባጃጅ ነጂው አድርሶኝ አጥሩ ጋ ስቆም ግን ሆዴ እንቢ አለኝ። አውሮፕላኑ ሳይነሳ አልበላም አልኩ፣ የጫንኩት እኔ ይመስል።

መጣ፣ አረፈ። ፕሮፔለር ያለው ነው፣ እውነተኛ ፕሮፔለር። ሰው ወረደ፣ ሰው ተሳፈረ። አሁን ይነሳል ስል ቆመ። ምን እንደያዘው አላውቅም። ፀሐይዋ ከፍ አለች። እኔ እናቴን እያሰብኩ ነው፤ መኪናው አቧራውን አስነስቶ ከሄደ በኋላ እጇን በቀሚሷ ስትጠርግ፣ በሉ አሁን ቁርስ ስትል። ላቤ ቀዘቀዘኝ። ምልክቱን አውቀዋለሁ። ጣቴ ተንቀጠቀጠ። ያንንም አውቀዋለሁ። ትንሽ ልታገሥ፣ ትንሽ ብቻ አልኩ። ፕሮፔለሩ መዞር ሲጀምር አየሁ። ሲነሳ አላየሁም።

ዓይኔን ስገልጥ ጥላ ሥር ነኝ። ባጃጅ ነጂው ሮጦ ጌታነህን ጠርቶታል። ጌታነህ ከራሱ ፔርሙስ ሻይ ቀድቶ፣ ስኳሩን ሳይሰስት ገልብጦበት፣ እንደ ሕፃን አፌ ላይ ያዘልኝ። ጠጣሁ። ዳቦ ሰጠኝ። በላሁ። ትንሽ ቆይቶ ዓለም ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ስልኬ እጁ ላይ ነው። ፉአድ ልጄ የሚለውን አግኝቶ ሊደውል ነው። ነጠቅኩት።

"እናቴ፣ ልጅዎ ይወቅ እንጂ" አለኝ።

"ያውቃል። ከእኔ አፍ ግን።"

አሁን አልጋ ላይ ነኝ። አለቀስኩ። ፈራሁ ደብተሬ፣ ለምን እዋሻለሁ? በሰው አገር አቧራ ላይ ልሞት ነበር። ከፍርሃቱ ንዴቱ ይብሳል። ማንም አልገፋኝም። ሙቀቱም አይደለም፣ ስኳሩም አይደለም፣ እኔው ነኝ በገዛ እጄ። ፉአድን እውነተኛ አደረግኩት። ለዚህ ነው ወይ ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣሁት?

ፉአድ ደውሎ ነበር። ደህና ነሽ? አለ። ደህና ነኝ አልኩ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ጌታነህ ጭሮ አይመጣ። ባጃጅ ነጂው ስሜን እንኳ አያውቅም። መደቤም ይተርፋል።

ያው ዕለት፣ ማታ

ተነስቼ ገላዬን ታጠብኩ፣ ሰገድኩ፣ ሩዝ በላሁ። ከዚያ ቲኬት ቆረጥኩ። ነገ፣ ወደ አዲስ አበባ። ከዚያ እሑድ በአውቶቡስ ጭሮ። ለመብረር አይደለም፤ ለመግባት ነው። ቲኬት የሌለው አይገባም አይደል ያሉት?

ጥር 16፣ ቅዳሜ። አዲስ አበባ፣ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ሆቴል

በረርኩ!

ቆይ፣ ከመጀመሪያው። ጌታነህ በሩ ላይ ቲኬቱን ሳይሆን ቁርስ መብላቴን ነው መጀመሪያ የጠየቀኝ። እንቁላል ከነዳቦው አልኩት። ሳቀ። ቲኬቱን ወደ ላይ አንስቼ አሳየሁት። አሁንስ? ይግቡ እናቴ አለ። በዚያ በር እንደ ሙሽራ ገባሁ።

ፍተሻው ላይ የጥ/ወርቅ ሰንደል አስወለቁኝ። ውስጥ ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅኩ፣ የድሮው የጫት አውሮፕላን የት ነበር የሚጫነው? አንዱ ፈገግ አለ። አንዷ ወደ ምሥራቅ ጠቆመች፣ ሌላው ወደ ምዕራብ። አንድ ሸበቶ ሻንጣ ጫኝ ብቻ፣ እኔም አባቴ ሲያወራ ነው የሰማሁት፣ ሜዳው ግን ያው ሜዳ ነው አለኝ። ይበቃኛል።

በእግር ወደ አውሮፕላኑ ስንሄድ መሐል ላይ ቆምኩ። ተሳፋሪው በግራና በቀኝ አለፈኝ። ሠራተኛዋ መጥታ እማማ ይቀጥሉ አለች። ቆይ ልጄ አልኳት። እማማ መቆም አይቻልም። ቆይ አልኩሽ። እዚህ ይሁን እዚያ ይሁን አላውቅም። ግን በዚህ አስፋልት ላይ የእናቴ እስር ተቆልሎ ያውቃል፤ ኮባው እርጥብ፣ ቋጠሮው ጠንካራ። እኔ አሁን እዚህ ቆሜያለሁ። እንባዬን አልጠረግኩም። ልጅቷ ምን እንዳየች እንጃ፣ ክንዴን ይዛ አብራኝ ቆመች። ከዚያ ሄድን።

ሲነሳ አምላኬን ጠራሁ።  አጠገቤ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ነበር፣ ክንዱን ጨምቄ ይዤው ኖሮ በኋላ ነው ያየሁት። አፉ በሉኝ አልኩት። መስኮቱ በእኔ በኩል ነው። ተራራው ሲመጣ ግንባሬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ ሂርናን ፈለግኩ። መንገዱ እንደ ክር ነው። ቆርቆሮ ያብለጨልጫል፣ እዚህም እዚያም። ሂርና የቱ ነው? ጭሮ የቱ ነው? ሰውዬውን ጠየቅኩት፣ እሱም አያውቅም። ከዚያ ደመና መጣና አለቀ።

ተበሳጨሁ። ደስታዬ መሐል ተበሳጨሁ። ከዚህ ከፍታ ሰው የማንንም መደብ አንስቶ ለማንም ቢሰጥ ምን ይሰማዋል? አይታየውማ! ፉአድም እንደዚህ ነው የሚያየኝ፣ ከሩቅ፣ ከሆስፒታሉ መስኮት። ጠዋት ማን እንደሚጠራኝ፣ ማን እንደሚቀልድብኝ፣ ማን ዱቤ ወስዶ እንደሚደበቀኝ አያይም። የሚያየው መሬት የወደቀች ሴትዮ ነው። ሆስተሷ ጭማቂ ሰጠችኝ። ስኳር አለበት ወይ ብዬ ጠየቅኩ፣ ትንሽ ቀመስኩ።

አዲስ አበባ ስገባ ለታክሲው ሹፌር አሮጌ የአውሮፕላን ነገር ያለበት ቦታ ውሰደኝ አልኩት። ኦልድ ኤርፖርት ነው የሚባለው ሰፈር ብሎ ወሰደኝ። ደብተሬ፣ ቤት ነው! የግንብ አጥር፣ ፋርማሲ፣ ኬክ ቤት። አውሮፕላኑስ አልኩት። ስሙ ነው የቀረው እናቴ አለ። ወርጄ ትንሽ ተራመድኩ። በእኛ በኩል መቻራ ከተማም እኮ ጎረምሶች ኳስ የሚራገጡበት አውሮፕላን ሜዳ የሚሉት መስክ አለ፤ አንድም አውሮፕላን ያየ የለም። እነሱም ስሙን ይዘዋል። ኬክ ቤቱ ቁጭ ብዬ ያለ ስኳር ሻይ ጠጣሁ፤ አላፊ አግዳሚውን ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ እኔ ዛሬ በርሬ ነው የመጣሁት እያልኩ በልቤ።

ፉአድ ደወለ። የት ነሽ? አለ። መንገድ ላይ ነኝ፣ ነገ እደርሳለሁ አልኩ። ይሄ ውሸት አይደለም።

ጥር 17፣ እሑድ ማታ። ጭሮ፣ ፉአድ ቤት

ሁሉንም አልጽፈውም። ደክሞኛል። ዋናውን ብቻ።

አውቶቡሱ ከምሳ በኋላ ጭሮ አደረሰኝ። ሁሉም ተቀምጠዋል። ወንድሜ አህመድ ከበደሳ ከሚነግደው ቡና ስጦታ ይዞ መጥቷል። ሰሚራ ክፍሉን አሳየችኝ። ያምራል። ሰማያዊ ቀለም፣ አዲስ ፍራሽ፣ መስገጃ እንኳ ተነጥፏል። ይሄን ያደረገችው በፍቅር ነው። ማማሩ አናደደኝ፤ አስቀያሚ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

አህመድ ዱዓ አድርጎ ጀመረ። ልጅሽ ለአንቺው ብሎ ነው፣ ሰው በጊዜው ማረፍ አለበት፣ እኔም ወፍጮዬን ሸጫለሁ አለ። ፉአድ የክረምቱን አነሳ፤ ጫት ተራ መሐል ስወድቅ። የሰሚራ አጎት ነገ መልስ ይጠብቃል። ሁሉም ተናግረው ጨረሱ። እኔ አንገቴን አልነቀነቅኩም።

በአውሮፕላን ነው የመጣሁት አልኩ። ሰሚራ ሳቋ አምልጧት አፏን በእጇ ያዘች። ነገርኳቸው፤ በሩን፣ ማራገቢያውን፣ አስፋልቱን። አህመድ ስለ ማራገቢያው ሳቀ፣ የእኔ ይሆናል የሸጥኩት አለ። ቤቱ ሞቅ አለ። ፉአድ እንኳ ፊቱ ተፈታ። እዚያ ላይ ባቆም አሸንፌ ነበር። ሁሉም የሚያየው ደህና የተመለሰች ሴትዮ ነው።

አላቆምኩም። ዓርብ አጥሩ ሥር ወደቅኩ አልኩ።

 ለምን እንደወደቅኩ ነገርኩ፣ ኪኒኑን፣ ቁርሱን፣ የእናቴን ደንብ። ማስተዛዘኛ አልጨመርኩበትም። አህመድ ራሱን ነቀነቀ። በቃ አለቀ፣ ፉአድ አንድ ነገር ከሆንሽ መደቡ ይሰጣል ብሎሽ ነበር አለ። ብሎኛል አልኩ። እኔ ግን እሺ አላልኩም። እጅ አልተመታም። አንተ ቡና፣ እኔ ጫት፣ ዕድሜያችንን ሙሉ ሸጠናል፤ እጅ ሳይመታ ያለቀ ገበያ አይተሃል? በስልክ ደግሞ እጅ አይመታም። አህመድ ነጋዴ ነው፣ ተቀበለኝ። እውነት ነዋ።

ፉአድ ግን ገበያ ውስጥ አልነበረም። ዓይኑ ቀላ። ልጄን እንደዚህ ያየሁት አባቱ የሞተ ቀን ነው።

"ኡሚ፣ ለእኔ ካልደወልሽ ለማን ልትደውዪ ነው? ሆስፒታል አልጋ ላይ ሲሞቱ የማያቸው ሁሉ እኮ እንዳንቺ ደህና ነኝ ያሉ ናቸው።"

ይሄ ወጋኝ። እስከዛሬ የሚያዘኝ መስሎኝ ነበር። ልጁ ፈርቶ ነው። ጠዋት ጠዋት፣ በሽተኛ በገባ ቁጥር፣ እናቴ ናት ወይ እያለ ነው የሚያየው። አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ። እጁን ያዝኩ።

"ፍርሃቴን ውሰጂልኝ በለኝ፣ እወስድልሃለሁ። መደቤን ግን አልሰጥህም።"

እንግዲህ ዋጋ ተደራደርን። እሱ ጠየቀ፣ እኔ ቀነስኩ። ሰው አብሮሽ ይኑር አለ፤ አይሆንም፣ ጥ/ወርቅ ግድግዳ ለግድግዳ ናት። ረመዳንን አትጾሚም አለ፤ እሱን ከሼኩ ጋር እንነጋገራለን። ጭነት ከመሄዱ በፊት ትበያለሽ አለ።  የጫት ተራ ሴቶች መሐል? በእናቴ ቦታ? አያቴ ምን ትል ነበር ብለሽ ነው አይደል አለኝ ፉአድ፣ ቀስ ብሎ። እኔን የሚያውቀኝ የለም ስል ለካ እሱ ያውቀኛል። እናቴ ሞታለች፣ እኔ አልሞትኩም አልኩት። እበላለሁ። እሱም ሁልጊዜ ጠዋት ይደውላል። የሰሚራ አጎት ሌላ ቦታ ይፈልግ።

አህመድ እጃችንን አጋጠመ። ተመታ። ሰሚራ ክፍሉን ምን ላድርገው አለች። ለእንግዳ ይሁን፣ ስመጣ አድርበታለሁ አልኳት። ዛሬ እዚያው ልተኛ ነው። ፍራሹ ጥሩ ነው፣ እውነቱን ለመናገር።

ጥር 19፣ ማክሰኞ። ሂርና፣ ጫት ተራ፣ ገና አልነጋም

መደቤ ላይ ነኝ። ጫቱ ወርዷል፣ እርጥብ ነው፣ ያምራል። መኪናው አልመጣም። ጭነት አልሄደም።

ዳቦ ገዛሁ። ሻይ አስቀዳሁ። ጉልበቴ ላይ አንቺ፣ አጠገቤ ዳቦው። ሴቶቹ እያሰሩ በጎን ያዩኛል። የመጀመሪያዋን ጉርሻ ወደ አፌ ሳነሳ እጄ ከበደኝ። እናቴ እዚህ ድንጋይ ላይ ነበር የምትቀመጠው። ይቅር በይኝ አልኳት በልቤ። ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ፤ ምን ይቅርታ ያስፈልገዋል? እሷን ደንቧ ነው ጠዋት ጠዋት ያንቀጠቀጣት። ስኳር አይባልም ነበር ያኔ፣ ድካም ነበር የሚባለው። በድካም ሞተች ብለን ቀበርናት።

ጎረስኩ።  በሻይ አወረድኩት።

አንዷ አልቻለችም። አዴ ዘሃራ፣ ጫትሽ ሊጠወልግ ነው አለችኝ፣ ሁሉም እንዲሰማ። ይጠውልግ፣ እኔ አልጠወልግም፣ ነይ ብዪ አልኳት። ሳቁ። አልመጣችም። ሌላዋ ግን፣ ልጅ ያረገዘችው፣ ተነስታ መጣች። ግማሹን ሰጠኋት። ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ በላች። ነገ ፊቷን አዙራ ትበላለች።

የመኪናው መብራት ከላይ ከመንገዱ ታየ። ሁሉም ተነሱ። እኔ አልተነሳሁም፣ ገና ዳቦ ይቀረኛል። ስልኬ ይጮሃል፣ ፉአድ ነው። ይጩህ። አፌ ሙሉ ነው